አራት ወር የተማሩት ሒሳብ የት ይገባል?

አንድ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገብቶ፣ በዩኒቨርሲቲ መምህር ተምሮ፣ አራት ወር ሙሉ ከሒሳብ ጋር ሲታገል ከርሞ፣ በመጨረሻም ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ አውጥቶ ራሱ ያረመውን ፈተና አልፏል። ይህ ትምህርት በትራንስክሪፕቱ ላይ ስንት ክሬዲት ሆኖ ይቆጠርለታል? ዜሮ።

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። «ሬሜዲያል እኮ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይደለም» ይባላል። መልሱ አጭር ስለሆነና ቁም ነገር የያዘ ስለሚመስል ማንም አይከራከረውም። ግን መከራከር ያስፈልጋል። ምክንያቱም መልሱ ትክክል አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ልጆች አይደሉም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በጥቅምት 2015 በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ውጤቱ ሲመጣ ሀገር ደነገጠ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያኔ ሚኒስቴሩ ፊት ሁለት ነገር ተደቀነ፦ ባዶ ዩኒቨርሲቲና ደጅ የቀረ ትውልድ። መፍትሔ ተብሎ የመጣው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ነው፤ ሰዉ በአንድ ቃል «ሬሜዲያል» የሚለው። 50 በመቶ ካላመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ከመቶ ሺ በላይ ተማሪዎች ተመርጠው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመደቡ።

ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሆን መስሎ ነበር። አልሆነም። በ2015ቱ ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ በ2017ቱ 8.4 በመቶ አለፉ። ቁጥሩ እያደገ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና አንዱ የሚወድቅበት ሀገር ውስጥ ሬሜዲያል ጊዜያዊ ድንኳን ሊባል አይችልም። የቤቱ ዋና በር ሆኗል። በዋናው በር የሚገባን ሰው ደግሞ ገና ደጅ እንዳለ መቁጠር አይቻልም።

አሠራሩም ይታወቃል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራል። የማኅበራዊ ሳይንሱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ይማራል። 30 በመቶውን የሚመዝነው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ 70 በመቶው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ነው። በአማካይ 50 ያመጣ ፍሬሽማን ይሆናል። ያላመጣ ፍራሹን ጠቅልሎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሒሳቡ።

ሬሜዲያልን ያለፈው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፍሬሽማን ሲገባ «ሒሳብ ለተፈጥሮ ሳይንስ» የሚባል ኮርስ ይጠብቀዋል። ይህ ኮርስ ሦስት ክሬዲት አወር አለው፤ ማንም «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይደለም» ብሎት አያውቅም። ሞጁሉ ሲገለጥ ምን ይገኛል? ምዕራፍ አንድ የሎጂክና የስብስብ ትምህርት ነው። ምዕራፍ ሁለት የገሃድና የኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሥርዓት ነው። ምዕራፍ ሦስት ፋንክሽን ነው፤ ፖሊኖሚያሉ፣ ኤክስፖነንሻሉ፣ ሎጋሪዝሙ፣ ትሪጎኖሜትሪው። ምዕራፍ አራት አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ነው፤ ቀጥታ መስመር፣ ክብ፣ ፓራቦላ፣ ኤሊፕስ፣ ሃይፐርቦላ።

የቀድሞውን የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ የተማረ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ኮምፕሌክስ ቁጥሩም፣ ሎጂኩም፣ ፓራቦላውም እዚያው ነበሩ። ስብስብ የ9ኛ ክፍል ትምህርት ነው። የፍሬሽማኑ ኮርስ ጠለቅ ይላል፣ ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ አንዳንድ ቦታም ይጨምራል፤ ይህ አይካድም። አብዛኛው ግን የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ተመልሶ ሲመጣ ነው። ይህም ነውር አይደለም። ተማሪው መሠረቱ ስላልጠና መሠረቱ እንዲጠገን ታስቦ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በጥቅምት በሬሜዲያል ክፍል ሲሰጥ ዜሮ ክሬዲት ሆኖ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር በፍሬሽማን ክፍል ሲሰጥ ሦስት ክሬዲት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ጥቁር ሰሌዳው ያው ነው፣ መምህሩም ብዙ ጊዜ ያው ነው፣ ፓራቦላውም ያው ፓራቦላ ነው። የተቀየረው በበሩ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻ ነው።

ለነገሩ «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት» የሚባለው ድንበር በዚህ ሀገር ከቦታ ቦታ ሲጓዝ የኖረ ነው። ድሮ ከ12ኛ ክፍል ማትሪክ በኋላ የፍሬሽማን ዓመት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ መሰናዶ በሚል ስም ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። አንድ ዓይነት ትምህርት አንዴ የኮሌጅ፣ አንዴ የሁለተኛ ደረጃ፣ እንደገና የኮሌጅ ተባለ። ድንበሩ ከሰማይ የወረደ ቢሆን እንዲህ ባልተንቀሳቀሰ ነበር። ሰዎች በስብሰባ አዳራሽ ያሰመሩት መስመር ነው፤ ሰዎች ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

አንድ ነገር ጣልቃ ይግባ። የፍሬሽማን ተማሪ የሰውነት ማጎልመሻ ይወስዳል። ነጥብ ውስጥ ባይገባም «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ይመዘገብለታል። የሮጠው ሩጫ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አራት ወር ሌሊቱን ያነጋበት ሒሳብ ግን መዝገብ የለውም። ሩጫን ለማንኳሰስ አይደለም፤ በሯጭ ሀገር ይህን የሚደፍር የለም። ነገር ግን ለአንዱ የተገኘ ዓምድ ለሌላው እንዴት ጠፋ?

ክሬዲት አለመኖሩ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይታለፍ ነበር። ጉዳቱ ግን በቁጥር የሚታይ ነው። የፕሮግራሙ የማለፊያ መስፈርት አማካይ ነው። አንዲት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በሒሳብ 78፣ በፊዚክስ 62፣ በኬሚስትሪ 40፣ በባዮሎጂ 36፣ በእንግሊዝኛ 32 አመጣች እንበል። ድምሩ 248፣ አማካዩ 49.6 ነው። ወደቀች። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ በሒሳብ 31፣ በቀሩት አራቱ 58፣ 56፣ 55 እና 52 አመጣ። ድምሩ 252፣ አማካዩ 50.4 ነው። አለፈ። እሱ ነገ ኢንጂነሪንግ መምረጥ ይችላል። እሷ ከነ78ቷ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ያመጣችው 78 የትም ተመዝግቦ አይጠብቃትም። ነገ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብትገባ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የግል ኮሌጅ ብትሞክር፣ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ብታመለክት፣ ሒሳብን ከዜሮ ትጀምራለች። ሒሳብ የሚችል ሰው ጠፋ እየተባለ በሚለቀስበት ሀገር፣ ሒሳብ የምትችለዋ ልጅ በሁለት ነጥብ ድምር ከነማስረጃዋ ተጣለች።

ይህ በአዊ ምን ማለት እንደሆነ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማየት ያስቸግራል። እንጅባራ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ናት። ግቢው ከሀገሪቱ ከየአቅጣጫው የተመደቡ ልጆችን ይቀበላል፤ የአዊ ልጆች ደግሞ ምደባ ወዳወጣላቸው ይሄዳሉ። ከዳንግላ ወጣ ካለ ቀበሌ ልጇን የምትልክ እናት ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ስለኖረች የሚቀርላት ወጪ የለም። ለአውቶቡስ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለደብተር፣ ለስልክ ካርድ ገንዘብ ያስፈልጋል። ያ ገንዘብ ከድንች፣ ከበግ፣ በፋግታ ለኮማ በኩል ደግሞ ከዲከረንስ ከሰል ይመጣል። ገበሬው ዲከረንሱን ተክሎ፣ ዓመታት ጠብቆ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ ሲሸጥ እያንዳንዱ ጆንያ ተቆጥሮ ይከፈለዋል። «መኪናው ስላልሞላ የጫንከው አይቆጠርም» የሚለው ነጋዴ ቢመጣ ዳግመኛ ከሰል አያገኝም። ልጁን የላከበት ሥርዓት ግን ልክ እንደዚያ ነጋዴ ነው የሚያደርገው።

በዚህ ላይ የነሐሴ 2015 ጉዳይ አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት አለ። ትምህርት ቤት ለወራት ተዘግቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ 11ኛና 12ኛ ክፍልን የተማረ የዳንግላ ልጅ ያጣው የማሰብ ችሎታውን አይደለም፤ ያጣው ክፍለ ጊዜ ነው። ሬሜዲያል ለእሱ ያጣውን ክፍለ ጊዜ የሚመልስለት የመጀመሪያው ዕድል ነው። ብዙ የአዊ ልጆች ደግሞ በአውንጊ አፋቸውን ፈትተው፣ አማርኛን ጨምረው፣ በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብን በእንግሊዝኛ የተማሩ ናቸው። በሦስተኛ ቋንቋ የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ አንብቦ በትክክል የሠራን ልጅ «የሠራኸው ሥራ አይደለም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ተቃዋሚዎቹም ሞኞች አይደሉም። የሚያነሡት ሥጋት መደመጥ አለበት።

የመጀመሪያው «ዲግሪ ይረክሳል» የሚለው ነው። ይህ ሥጋት ከአሥር ዓመት በፊት ቢነሣ ሚዛን ይደፋ ነበር። ዛሬ ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሙያው ከማዕከል የወጣ ፈተና ተፈትኖ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። መግቢያው ላይ የማዕከል ፈተና፣ መሐሉ ላይ የሬሜዲያል የማዕከል ፈተና፣ መውጫው ላይ ሌላ የማዕከል ፈተና ተቀምጧል። በሦስት ቁልፍ የተዘጋ ቤት በሦስት ክሬዲት አይዘረፍም።

ሁለተኛው ሥጋት የግል ኮሌጆች ክሬዲት መቸርቸር ይጀምራሉ የሚለው ነው። ይህኛው ጠንካራ ነው፤ የዚህን ሀገር የኮሌጅ ገበያ የሚያውቅ ሰው ሊያጣጥለው አይችልም። ክሬዲቱ የሚሰጠው ኮሌጁ ባወጣው ነጥብ ከሆነ ገበያው በሳምንት ውስጥ ይደራል። ለዚህ ነው ክሬዲቱ መያያዝ ያለበት ከ70 በመቶው፣ ማለትም ከማዕከሉ ፈተና ጋር ብቻ የሚሆነው። ተማሪው በየትም ይማር፣ ማዕከሉ ባወጣው የሒሳብ ፈተና የተወሰነውን ነጥብ ካመጣ ይመዘገብለታል፤ ካላመጣ አይመዘገብለትም። የኮሌጁ ባለቤት እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አይኖርም።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም፤ በሹክሹክታ ነው የሚሰማው። «እነዚህ ልጆች እኮ የወደቁ ናቸው፤ ዕድል መሰጠቱ ይበቃቸዋል» የሚል ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ስለ ትምህርት መሆኑ ያበቃል። ክሬዲት ምጽዋት አይደለም፤ የሠሩት ሥራ ደረሰኝ ነው። ሱቅ የሚነግድ ሰው ገዢው ድሃ ነው ብሎ ደረሰኝ አይከለክለውም። ጤፍ የሚዘራ የዳንግላ ገበሬ ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ ያርሳል። የመጀመሪያው እርሻ ድንጋይና ሥር የሚነቅል፣ ከሁሉ የከፋ ድካም ያለበት ነው። እሱ እርሻ አይደለም፣ እርሻ የሚባለው የመጨረሻው ነው የሚል ሰው በሬ ጠምዶ የማያውቅ ሰው ነው።

ሌላው ዓለምስ? አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ከእኛ በፊት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውንም መለካት ጀምረዋል። እዚያ በየማኅበረሰብ ኮሌጁ ክሬዲት የሌለው የማካካሻ አልጀብራ ነበር። ተማሪዎች ገብተው ሳይወጡ ይቀሩበታል። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልጀብራ ማካካሻ ያስፈልጋቸዋል የተባሉ ተማሪዎችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። አንዱን ቡድን ክሬዲት በሌለው አልጀብራ ውስጥ አስቀመጡት፤ ሌላውን በቀጥታ ክሬዲት ያለው የስታቲስቲክስ ኮርስ ውስጥ አስገብተው በየሳምንቱ ተጨማሪ የድጋፍ ክፍለ ጊዜ ሰጡት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመው ውጤት አልጀብራውን ያለፉት 39 በመቶ፣ ስታቲስቲክሱን ያለፉት 56 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ይከብዳል የተባለው ኮርስ ላይ የተሻለ አለፉ። ካሊፎርኒያም በ2017 ኤቢ 705 የተባለውን ሕግ አውጥታ ኮሌጆቿ ተማሪን በክሬዲት አልባ ኮርስ ውስጥ ከማሰራቸው በፊት አስፈላጊነቱን እንዲያረጋግጡ አስገደደች።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ያ ጥናት ክሬዲት ብቻውን ተአምር ሠራ አይልም። ድጋፍ ነበረ፣ ኮርሱም የተለየ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የጎደለው ነገር ከኒውዮርኩ ሊበዛ ይችላል፤ ስለዚህ ሬሜዲያል ይቅር ማለት ጅልነት ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምናልባት ደቡብ አፍሪካ ናት። እዚያ መሠረታቸው ላልጠና ተማሪዎች «የተራዘመ ሥርዓተ ትምህርት» የሚባል መንገድ አለ፤ ዲግሪው በአንድ ዓመት ይረዝማል፣ የመሠረት ትምህርቱ ግን የዲግሪው አካል ሆኖ ይቆጠራል። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተማሪ ነው። በአፓርታይድ ትምህርት የተበደለን ልጅ «መጀመሪያ በነፃ ድከምና እናይሃለን» ማለት እንደማይቻል የገባቸው ይመስላል።

እና ምን ይደረግ? ትልቅ ማሻሻያ፣ አዲስ ፍኖተ ካርታ፣ የሆቴል ዐውደ ጥናት አያስፈልግም። የሬሜዲያል ውጤት በየትምህርቱ ይመዝገብና ለተማሪው በወረቀት ይሰጠው፤ አለፈም ወደቀም። ለሒሳብ በማዕከሉ ፈተና አንድ የታወቀ ነጥብ፣ ለምሳሌ 60፣ ይወሰን። ያንን ያመጣ ልጅ ፍሬሽማን ሲገባ ሦስቱ ክሬዲት ይያዝለት፤ ወይም ሚኒስቴሩ ይህን ያህል መድፈር ከከበደው፣ የፍሬሽማኑን ሒሳብ ሙሉ ሴሚስተር ሳይቀመጥ በፈተና ብቻ እንዲያልፍ ይፈቀድለት። ሃይፐርቦላው ካልተሸፈነ የሁለት ሳምንት ማሟያ ይበቃዋል። በአማካይ 50 ሳይሞላለት የቀረው ልጅ ደግሞ የሒሳብ ክሬዲቱን ይዞ ይሂድ፤ የግል ኮሌጅም ሆነ የመምህራን ኮሌጅ ሲገባ ይቆጠርለት።

ይህ ለመንግሥትም ይጠቅማል። ሒሳብን ሁለት ጊዜ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጊዜ ለመምህር ይከፍላል፣ ሁለት ጊዜ ክፍል ይይዛል። በእጥረት የሚማረር ግቢ ይህን ድግግሞሽ ለምን እንደሚወደው አይገባም።

እንግሊዝኛውስ፣ ፊዚክሱስ የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሒሳቡ የሚቀድመው በሁለቱም ዘርፍ የሚሰጥና ከፍሬሽማኑ ኮርስ ጋር ያለው መደራረብ እጅግ ግልጽ የሆነው እሱ ስለሆነ ነው። ለማኅበራዊ ሳይንሱ ግን ነጥቡ ትንሽ ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ የእነሱ የፍሬሽማን ሒሳብ ማትሪክስና ካልኩለስ ስላለበት።

ውሳኔው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ኩረጃን ለማጥፋት የሄዱበት መንገድ ብዙ ሰው አስቀይሟል፤ አንድ ነገር ግን አስተምሯል፦ ነጥብ በሐቀኝነት ከተገኘ ሊታመን ይገባል። ራሳቸው ባቆሙት ፈተና፣ ራሳቸው ባረሙት ወረቀት የተገኘን 78 ካላመኑት ማንን ሊያምኑ ነው? ቀጣዩ የሬሜዲያል ውጤት ሲለቀቅ ሬጅስትራሮች የሚያስፈልጋቸው አንድ ገጽ ደብዳቤና በትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ብቻ ነው።